ፋታ የነሳ ጥያቄ

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሞቱን ቀድመው የሰሙ ዘመዶች ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ቀን፣ ወሬውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ይውላሉ። ባለጉዳዩ መንገድ ላይ ከሆነ እስኪገባ፣ የታመመ ከሆነ ሻል እስኪለው፣ ብቻውን ከሆነም የቅርብ ሰው እስኪደርስለት ይጠብቃሉ። ሌሊቱን ብቻውን እንዳይጋፈጠው ማታ አይነገረውም። ንጋት ላይ ጎረቤቶች ድምፃቸውን አጥፍተው ይሰበሰባሉ፤ ጠንከር ያለው ሰው ሊወድቅ ከሚችለው አጠገብ ይቆማል፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን በመሰሉ፣ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራውና ጉራጌው አብረው በሚቀባበሩባቸው ሰፈሮች፣ የዕድሩ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሐዘንተኛ ምንም አይጠየቅም። እህል የሚያቀርበውም፣ ቡና የሚያፈላውም፣ እንግዳ የሚቀበለውም ሌላ ሰው ነው። ሐዘንተኛውን አጥብቆ መለመን የሚፈቀደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስቲ ቅመስ» በማለት።

ዜና ለመንገር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ጥያቄ ለመጠየቅ ምን ያህል መጠንቀቅ ነበረብን? ዜና ከሰሚው የሚፈልገው መስማትን ብቻ ነው። ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም አንዳንዴ ዕድሜ ልክ ያስራል። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ ሰውን በጭንቁ ሰዓት፣ ጠያቂው ራሱ በቆረጠው ቀጠሮ፣ ወደ ኋላ ለማይመለስ ነገር «እሺ» እንዲል ማጣደፍ ጥያቄ ሊባል አይገባም። ውሳኔው የአጣዳፊው ነው። ፊርማው የሌላ ሰው ቢሆንም ኃላፊነቱ በአጣዳፊው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን ከላይ ከላይ ከማውራት፣ አገራችን ባለፈችበትና ገና በቅጡ ባልተነጋገርንበት አንድ ጉዳይ ልፈትነው፤ ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ በተሰጡ ልጆች ጉዳይ።

በ2004 እ.ኤ.አ. በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት የኢትዮጵያ ልጆች ከ300 አይበልጡም ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ከ2500 አለፈ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ወደዚያች አገር ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ዴንማርክ የሄዱት ሳይቆጠሩ። ብዙዎቹ የተነሡት ያኔ መቀመጫዋ ሐዋሳ ከነበረችው ከደቡብ ክልል ነው፤ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ ቀበሌዎች። «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ የነበረው ትርጉም በሰፈር ከምናውቀው ይለያል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ወላጅ በሕይወት እያለው፣ ያ ወላጅ ማሳደግ አልቻልኩም ብሎ በማይሻር ጽሑፍ የለቀቀው ልጅም ወላጅ አልባ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጉዞ በፊት የአንድ ሰው «እሺ» መገኘት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ባሏን የቀበረች እናት ወይም ሚስቱን የቀበረ አባት ነው።

ያቺን ሰዓት ቀረብ ብለን እንያት። የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እናትየው ከገጠር ቀበሌዋ ተነሥታ እዚያ ድረስ ሄዳለች። ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ እሷ የምታስበው በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነው። ወረቀቱ ፊቷ ይቀርባል፤ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያም ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ቀለሙ ግን ቶሎ አይለቅም። ማንም አላስፈራራትም፤ ዳኛውም በትሕትና ጠይቋታል። ይሁን እንጂ ከዚያች ደቂቃ በፊት ብዙ ነገር አልቋል። ልጁ ከማሳደጊያው ገብቶ እየበላ ነው፤ ፎቶው ባሕር ተሻግሯል፤ እዚያ ማዶ አንድ ቤተሰብ አልጋ አንጥፎ ይጠብቃል፤ የቀበሌው ደብዳቤ ተጽፏል፤ የመሳፈሪያው ተከፍሏል። ይህ ሁሉ ሰው ከደከመ በኋላ «ቆይ፣ ላስብበት» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይሉኝታ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማጣደፍ የግድ ጩኸትና ዛቻ የለበትም። ነገሩን «አይ» ማለት በማይቻልበት መልክ አሰናድቶ ከጨረሱ በኋላ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅም ማጣደፍ ነው፤ እንዲያውም የከፋው ይኼኛው ይመስለኛል፤ ተጠያቂው እንኳ እንደተጣደፈ አያውቅምና።

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ይታሰብ። ቃሉን ያገኘነው ከኦሮሞ ነው፤ በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ነበረ። በሁለቱም ልጅ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል እንጂ ከወላጁ ቤት አይጠፋም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሳይቀር በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ልጁ በሚሄድበት አገር ግን ነገሩ ፍጹም መለያየት ነበር፤ አዲስ ስም፣ አዲስ የልደት ወረቀት፣ በሕግ ዓይን አዲስ እናት። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስ ወይም በየጊዜው ወሬው እንደሚደርሳቸው አምነው መፈረማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። እሷ በምታውቀው ቃል «እሺ» አለች፤ የተጻፈው ግን ሌሎች በሚያውቁት ቃል ነው። ልቧ የተሰበሰበ ሰው ብትሆን ኖሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ «መቼ ነው የሚመጣው?» ያ ጥያቄ ቢነሣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይገለጥ ነበር። ፋታ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጊዜ በራሱ ጥበብ አይሰጥም፤ ሰው ግን መልስ ከመስጠት አልፎ ራሱ ጠያቂ መሆን የሚችለው ጊዜ ሲያገኝ ነው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። የጉዲፈቻው ቁጥር ሽቅብ የወጣባቸው ዓመታት የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረባቸው ዓመታት ናቸው፤ ነፃ ሕክምናው በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ቴሌቪዥን የታየ አንድ ዘጋቢ ፊልም ቫይረሱ በደማቸው ስለተገኘ ብዙ አንቆይም ብለው ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን ወደ ዴንማርክ የሰጡ ባልና ሚስት ኢትዮጵያውያንን ያሳያል። ዓመታት አለፉ፤ ወላጆቹ በሕይወት አሉ፤ ልጆቹ የሉም። እነዚህ ወላጆች የወሰኑት ስለ ልጆቻቸው አልነበረም፤ ስለ ራሳቸው ሞት ነበር፤ ሞቱም አልመጣም። ጭንቅ ክፉ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የዛሬውን ቀን ዘላለም ያስመስለዋል። የዛሬው ሰው ስለ ዘላለም እንዲፈርም የሚያደርግ ጠያቂ የሚጠቀመው በዚሁ ብዥታ ነው፤ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት ለተጎጂው ለውጥ የለውም።

ሕጋችን ይህን ብዥታ የማያውቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ የተገኘ ፈቃድ፣ ፍትሕ ሲጠይቅ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። በኃይል ተገድዶ የፈረመ ሰው ደግሞ ለክስ ሁለት ዓመት አለው፤ ሁለቱ ዓመታት የሚቆጠሩት አስገዳጁ ምክንያት ከተወገደበት ቀን ጀምሮ ነው። ሕግ አውጪው ምን እንዳለ ልብ እንበል፤ ሰውየው ከጭንቁ እስኪወጣ ሰዓቱ አይቆጥርበትም። አሁን ይህን ከጉዲፈቻው አጠገብ እናስቀምጠው። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 195 መሠረት ጉዲፈቻ በማንኛውም ምክንያት አይሻርም፤ የተተወው ቀዳዳ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም ለከፋ ነገር ከዳረገው ነው። እንግዲህ በችግሩ ሰዓት ላሙን በርካሽ የሸጠ ገበሬ ችግሬን መጠቀሚያ አደረጉት ብሎ ለመጮህ የተጻፈ አንቀጽ አለው። በዚያችው ሰዓት ልጇን የሰጠች እናት የተጻፈላት ልጁ በባዕድ አገር ሲሠቃይ ከተገኘ ብቻ ነው። የእሷ መጨነቅ በሕጉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለጉዲፈቻ መጽናት ምክንያቱ ይገባኛል፤ ልጅ እንደ ዕቃ ወዲያና ወዲህ አይባልም። ነገር ግን ውሳኔው የማይመለስ በሆነ መጠን ጥያቄው የበለጠ ፋታ ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይደለም። ኋላ ያለው በር የሚዘጋ ከሆነ የፊተኛው በር ሰፊ መሆን ነበረበት።

ሌሎች አገሮች ይህን በቁጥር አስቀምጠውታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የጉዲፈቻ ሕግ እናት ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላት የሰጠችውን ፈቃድ እንዳልተሰጠ ይቆጥረዋል፤ የጀርመን ሕግ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል። ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ቀን ነው። አራስ ቤት ያለችን ሴት እስከ አርባና እስከ ሰማንያ ቀን ብቻዋን የማንተው፣ ክፉ ወሬ የማናሰማት፣ ከእሳት አጠገብ የማናደርሳት እኛ ይህን ከማንም መማር አልነበረብንም። ጥናትም አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ። ተመራማሪዎች በሕንድ ታሚል ናዱ የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን አዝመራ ከመሰብሰባቸው በፊት እጃቸው ባዶ ሳለ፣ ከሰበሰቡ በኋላም ገንዘብ ሲገባላቸው፣ በተመሳሳይ የማሰብ ፈተና ለኩአቸው። እነዚያው ገበሬዎች ከአዝመራ በፊት ዝቅተኛ ውጤት አመጡ። ሰውየው ራሱ ነው፤ ዕውቀቱም ያው ነው፤ የተለየው የያዘው ጭንቀት ነው። አእምሮ በአንድ ነገር ሲያዝ ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። «ድኻ እኮ ሁልጊዜ ተጨንቋል። ሰው እስኪረጋጋ ካልወሰነ ድኻ መቼም ሊወስን አይችልም ማለት ነው። ለእሷ ሆናችሁ ‹አሁን አትችዪም› የምትሏት እናንተ ማን ናችሁ? ይህስ ሌላ ንቀት አይደለምን?» ንቀቱ እውነተኛ አደጋ ነው። አገራችን ውስጥ «አያውቁምና እኛ እንወቅላቸው» የተባለላቸው ሰዎች ብዙ ተበድለዋል። ግን ቋንቋችን ራሱ የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች አንቀላቅል፤ ችግርና ጭንቅ አንድ አይደሉም። ችግር ሰው የሚኖርበት ነው፤ ድኻ እናት በችግር ውስጥ በየቀኑ ትወስናለች፤ ምን ተሸጦ ምን እንደሚገዛ፣ ማን ትምህርት ቤት ሄዶ ማን እንደሚቀር፣ ከሚመክሯት ሁሉ የተሻለ ታውቃለች። ጭንቅ ግን ጠባብ ሰዓት ነው፤ ምጥን ጭንቅ የምንለው በከንቱ አይደለም። ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይላል ተረቱ፤ ሰውየው አረፋን መረጠ ብሎ የሚከራከር ግን ሰምተን አናውቅም። እኔ የምለው የእናትየው ውሳኔ ይነጠቅ አይደለም፤ ከጥያቄው ላይ ጥድፊያው ይነሣ ነው። ውሳኔዋን የሚያከብር ሰው ውሳኔው በእርግጥ የእሷ እስኪሆን ይጠብቃል። መለያውም ቀላል ነው፤ «ከወር በኋላ ልመልስ» ብትል ምን ይቀርባታል? እርዳታው ባለበት ከቆየ ተጠይቃለች። እርዳታው አብሮ ከተነሣ ግን ተይዛለች።

«ልጁ እስከዚያ በረሃብ ቢሞትስ?» የሚለው ከዚህ ይከብዳል፤ ደቡቡ ረሃብ የማያውቅ አገር አይደለምና። በ2000 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ማሳው አረንጓዴ እየመሰለ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው የተሰለፉበትን ጊዜ ብዙዎች ያስታውሱታል። ግን ሁለቱን ሰዓቶች እናስተያያቸው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ለዚሁ በተዘጋጀ ምግብ በጥቂት ሳምንታት ያገግማል፤ ያን ምግብ ለመስጠት የሚያስፈልገው የእናት ጭን ነው እንጂ የእናት ፊርማ አይደለም። የጉዲፈቻ መዝገብ በአንጻሩ ወራት ይፈጃል። ልጁ በእነዚያ ወራት ማሳደጊያ ውስጥ መብላት ከቻለ ቤቱም ሆኖ መብላት ይችል ነበር። ስለዚህ ጥድፊያው የረሃቡ አልነበረም፤ የመዝገቡ ነበር። ቅድሚያ እንጀራው፣ ጥያቄው ኋላ፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ እንጀራው ዋጋ ይሆናል።

በእውነት የማይጠብቅ ሰዓት እንዳለ አልክድም። ምጥ ጸንቶባት ደም የሚፈሳትን ሴት ይዞ ሌሊት ሆስፒታል የደረሰ ባል የቀዶ ሕክምና ፈቃድ በዚያው ይጠየቃል፤ ሐኪሙ ቢያጣድፍ የሚያጣድፈው ደሙ ነው። ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ተጽፏል፤ መብቱ እንዲሠራ ግን ሐኪሙ ባጭሩም ቢሆን መናገር አለበት። ልዩነቱ ያለው ሐኪሙ በዚያው ወረቀት ላይ ምን እንደሚጨምር ነው። የማዋለጃው ቀዶ ጥገና ሊጠብቅ አይችልም። «እግረ መንገዳችንን ማሕፀንሽን እንቋጥረው?» የሚለው ግን ሊጠብቅ ይችላል። ዓለም አቀፉ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በምጥ ላይ ያለች ሴት እንዲህ ያለ ፈቃድ እንዳትጠየቅ ያሳሰበው ለዚህ ነው። አስቸኳዩ ነገር የማያስቸኩለውን ጀርባው ላይ አዝሎ እንዳያሳልፍ ወገቡን ማየት ያስፈልጋል።

ሌሎች ደግሞ ውጤቱን ያነሣሉ፤ «ስንት ልጅ ተምሮ፣ ድኖ፣ ለወግ ለማዕረግ በቃ።» እውነት ነው፤ ደስም ይለኛል። በተቃራኒው ወገን ግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በአሳዳጊዎቿ ቤት ተበድላ የሞተችው ሐና ዓለሙ ትጠቀሳለች፤ ጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻን ሲዘጋ በልጆች ላይ የደረሰው በደል ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት ልጁ የደረሰበትን ቤት ነው። የተነሣበትን ቤት የሚመዝን ጠፋ። ሐና በፍቅር አድጋ ቢሆን ኖሮስ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ጥያቄ ትክክል ይሆን ነበር? ጥሩ ፍጻሜ ስለ ልጁ ዕድል ይናገራል፤ እናት በእውነት ተጠይቃ እንደነበር አይናገርም። በሩ በመዘጋቱ ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸዋል። አዋጁ ግን የከለከለው አንድን ዓይነት መልስ ነው፤ የመጠየቁን ነገር አልነካውም። ሠልስት ሳይወጣ ደላላ ይዞ ስለ ቤቱ የሚያንሾካሹክ ወንድም ዛሬም አለ። ሽማግሌ ይዞ ወደተጠለፈች ልጅ ቤት የሚሄድም አለ። በዚህኛው እንኳ ሕጋችን ተምሯል፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን «በፈቃዷ» ካገባ ይምረው ነበር፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ከጠለፋው በኋላ የተደረገ ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ ያቺን «እሺ» ከማን ቤት ውስጥ ሆና እንዳለችው አየ። ለመፋታት የመጡ ባልና ሚስትም በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ለሁለት አዋቂዎች መለያየት ሦስት ወር ያገኘው ሕግ፣ ለእናትና ለሕፃን መለያየት ስንት ቀን አገኘ?

ዛሬ እነዚያ ልጆች አድገዋል። አንዳንዶቹ በስማቸውና በአንድ የድሮ ፎቶ ብቻ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና እየመጡ ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ያገኙም አሉ። ልጅቷ ሲዳምኛውንም አማርኛውንም አጥታዋለች፤ እናትየው እንግሊዝኛ አታውቅም። መካከላቸው አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ ምናልባት ካሜራም አለ፤ የመመለሻው ትኬት ቀኑ ተቆርጧል። የልጅቷ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለምን ሰጠሽኝ?» ከጥያቄዎች ሁሉ እሱ የሚገባት ነው፤ የመጠየቅ መብቷን የሚነካ የለም። እናትየው ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ አስተርጓሚው ወደ አንዷ፣ ከዚያም ወደ ሌላዋ ይመለከታል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መልሷን ይጠብቃል። መልሱ ዛሬ ላይመጣ ይችላል። ነገም፣ ለከርሞም ቢመጣ፣ ያኔ ችሎት ፊት ያልሰጧትን ጊዜ አሁን መስጠት የሚችለው ያ ቤት ብቻ ነው፤ ቡናው ይፈላ፣ ልጅቷም አጠገቧ ትቀመጥ።